ከኩባያ የተረፈ ውሃ

በትምህርት ቤቱ ንባብ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ የመስታወት ገንዳ ነበረኝ። ነበረኝ ስል ንብረቴ ነበር ማለቴ አይደለም። መስታወቱ የአንድ ነጋዴ፣ ጠረጴዛው የመንግሥት፣ ዓሦቹ የሽንፋ ወንዝ ናቸው። የእኔ ድርሻ ኃላፊነቱና ስድቡ ነበር።

መተማን በሚያዝያ የሚያውቃት ያውቃታል። ጥላ ሥር የዋለ የብረት ወንበር ላይ ሰው ሳያስብ አይቀመጥም። በዚያ ወር ዓሦቼ ያልቃሉ። አንድ ጧት ሁለት፣ በማግስቱ ሦስት፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው አገኛቸዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህሩ አፍንጫውን ይዞ ገባ።

«ይኼ የመጻሕፍት ቤት ነው የዓሣ መቃብር? ሰው የሚጠጣው ባጣበት አገር! እስከ ግንቦት መጨረሻ በሕይወት የሚቆይ ዓሣ ካላሳየሽኝ ገንዳው ከዚህ ይወጣል።»

«እሽ» አልኩት። እሽ ማለት እስማማለሁ ማለት እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ለምን እንደጨነቀኝ ልናገር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነው። ከደጋ የወረድነው ለሰሊጥ አረም ነበር፤ ወቅቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ፣ በማታው ትምህርት ተመዘገብኩ፤ በኋላም የንባብ ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያ በፊት የማውቀው ሁሉ ሰው የነገረኝ ነበር። ቄሱ የነገሩኝ፣ አባቴ የነገረኝ፣ ጎረቤት የነገረኝ። ሰው ሳይነግረኝ፣ እኔ ራሴ ጠይቄ፣ መልሱን በዓይኔ ጠብቄ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ያ ገንዳ ነው። ደግሞም የእኔ ቢጤዎች፣ ጢም አብቅለው አንደኛ ክፍል የገቡት፣ ልጅ አዝለው የሚማሩት፣ መጽሐፍ ይፈራሉ። ዓሣ ግን አይፈሩም። ዓሣውን ሊያዩ ይገባሉ፤ ትንሽ ቆይተው አንዱን መጽሐፍ ገለጥ ያደርጋሉ። ገንዳው ከወጣ እነሱም አብረው እንደሚወጡ አውቅ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ሐጂ ናቸው። በድንበሩ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። አንድ ጊዜ ለንግድ ፖርት ሱዳን ድረስ ወርደው፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አዩ። ውስጡ ባሕር ነው፤ የባሕር ጨው ያለበት ውሃ፣ መርጃን የሚሉት፣ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት፣ በመሐሉ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች። ሲመለሱ ግንባር የምታህል አንዲት ነጭ የመርጃን ድንጋይ በፎጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የተሰነጠቀውን የሱቃቸውን መስታወት አስቆርጠው፣ በሲሊኮን አስለጥፈው ሁለት ገንዳ አሠሩ። አንዱን ለራሳቸው ያዙ፣ ሁለተኛውን ለንባብ ክፍሉ ሰጡ።

«የወንዙን ዓሣ ማኖር ስንችል ወላሂ የባሕሩን አመጣለሁ!» ይሉ ነበር። የወንዙን ግን ማኖር አልቻልንም።

በኋላ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንዱ ከጎጃም የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሌላው የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ለሥራ ሽንፋ ሲሄድ በጀሪካን ትንንሽ የቆሮሶ ዓሦች ይዞልን ይመለሳል። አራታችንም በቤታችን ወይም በመሥሪያ ቤታችን ዓሣ ነበረን። የአራታችንም ይሞት ነበር። ከዐሥር ሰዓት በኋላ በሐጂ ሱቅ በር ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን በሞቱት እንጨቃጨቃለን።

መምህሩ «ሙቀቱ ነው» ይላል። ባለሙያው «ውሃው ውስጥ ጀርም አለ፣ መፍላት አለበት» ይላል። ሐጂ ደግሞ በራቸው ላይ ያቆሙትን ዚር እያሳዩ፣ «እኛ የምንጠጣው ከዚህ ነው፣ አንሞትም። ዓሣውም ከዚህ ይጠጣ!» ይላሉ። ዚር ሱዳኖቹ ያስለመዱን ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ውሃው በገላው እያላበ ይቀዘቅዛል። ሐጂ የእሳቸውን በር ላይ ያቆሙት ለአላፊ አግዳሚው ነው። የቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ታስሯል፤ የጠማው ሁሉ ቀድቶ ይጠጣል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሰማሁ። እያንዳንዱ ዓሣ በሞተ ቁጥር ሦስቱም «አላልኩም?» ይላሉ። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ሄድኩ።

«እንፈትነው» አልኩ።

«ምኑን?» አለ መምህሩ።

«ሁሉንም። ግን በየጎጇችን አይደለም፣ በአንድ ሕግ። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ውሃ፣ እኩል ዓሣ፣ እኩል ምግብ። እያንዳንዳችን አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን። ሁለት ነገር የቀየረ ከጨዋታው ይወጣል።»

ሐጂ ሳቁ። «ይህች ልጅ ቃዲ መሆን ነበረባት!»

ሐጂ አፋቸው ሰፋፊ የሆኑ አራት የከረሜላ ጠርሙሶች ሰጡን። በየጠርሙሱ ከወንዙ ከአንድ ኩሬ የተያዙ አምስት አምስት ቆሮሶ ገቡ። ምግባቸው የተወቀጠ የሰሊጥ ፋጉሎ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ በቀን አንዴ። የእኔ ጠርሙስ እንደወትሮው በጋሪ የሚመጣው ውሃ ተሞላ፤ እሱ መለኪያችን ነው። መምህሩ የጋሪውን ውሃ ይዞ ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ። ባለሙያው ውሃውን አፈላ። ሐጂ ከዚሩ ቀዱ። ሐጂ መርጃኗን ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ ሁለተኛ ነገር ትሆናለችና። ውሃው እየተነነ ስንት እንደወረደ እንድናይ በየጠርሙሱ አንገት ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩ። እስከ ሁለት ሳምንት ማንም ጠብታ እንዳይጨምር ተማማልን። በየቀኑ ስንት በሕይወት እንዳሉ፣ ውሃው የት እንደደረሰ፣ አየር ፍለጋ ወደ ላይ የወጣ እንዳለ በየገጻችን እንጽፋለን።

የእኔዎቹ በዘጠነኛው ቀን አለቁ። የባለሙያው አንድ ቀን ቀደም ብለው። መምህሩ በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ ብቻ ቀርታለት ነበር፣ እሷም አላደረችም። የሐጂ አምስቱም ሁለቱን ሳምንት ጨረሱ። መጨረስ ብቻ አይደለም፣ ወፍረዋል።

መምህሩ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሙቀቱን ረስቶ የሸክላ ጠበቃ ሆነ። ሸክላ ጨውን ያጣራል፣ ማዕድን ይለግሳል፣ ምን የማያደርገው አለ! ሁለት ገጽ ዘገባ ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ አሳየው። ርዕሰ መምህሩም ተለወጠ። በአካባቢ ዕቃ፣ በአካባቢ ጥበብ የተገኘ ግኝት፤ በዞኑ የሳይንስ ትርኢት ላይ ይቀርባል። ገንዳውም የት/ቤቱ ኩራት ሆኖ ባለበት ይቆያል አለ። የቀረው የአራታችን ፊርማ ብቻ ነው።

ሦስቱ ፈረሙ። እኔ የሐጂን ጠርሙስ አንድ ጊዜ ልየውና ልፈርም ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሄድኩት ጠርጥሬ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ጠርሙሱ ከዚሩ አጠገብ፣ ኒሙ ሥር፣ በድንጋይ ላይ ነበር። ድንጋዩ እርጥብ ነው። ከድንጋዩ በታች ያለው አፈር ጭቃ ነው፤ በሚያዝያ፣ በመተማ፣ ጭቃ! አንገቱ ላይ ያሰመርኩት የቀለም መስመር ታጥቦ ጠፍቷል። ውሃው እስከ ከንፈሩ ሞልቷል።

ደብተሬን ገለጥኩ። የሐጂ ገጽ ላይ ለዐሥራ አራት ቀን በየመስመሩ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ተማም»። ሙሉ ነው፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው። የሌሎቹን ገጽ በቀይ እያረምኩ፣ «ውሃው ስንት ጣት ወረደ? ለምን አልጻፍህም?» እያልኩ ስጨቀጭቅ፣ የሽማግሌውን ገጽ በአክብሮት አልፌው ነበር። ያ ስሕተት የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።

«ሐጂ፣ ውሃ ጨምረዋል?»

ፊታቸው ተቆጣ። «እኔ? ከማልኩ በኋላ? ወላሂ ጠብታ አልጨመርኩም!»

እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። በርጩማ አምጥቼ ከኒሙ ሥር ተቀመጥኩ፣ መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ዓይኔን ከመጽሐፉ በላይ አደረግሁ።

መጀመሪያ የመጣው ከብት የሚነዳ ሰው ነው። ከዚሩ ቀዳ፣ ግማሹን ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ። በኩባያው ውስጥ ትራፊ አለ። ወደ ዚሩ አይመልሰውም፤ ሌላ ሰው የሚጠጣው ነው፣ ነውር ነው። መሬት አይደፋውም፤ በዚህ ወር ውሃ መድፋት ኃጢአት ነው። ድሮ እንዲህ ያለውን ትራፊ ኒሙ ሥር ነበር የምናፈሰው፤ ዛፉም ያደገው በዚያ ነው ይባላል። ሰውየው ወደ ኒሙ ዞረ፣ ዓሦቹን አየ፣ «እናንተም ጠምቷችኋል!» አለና ትራፊውን ጠርሙሱ ውስጥ ለቀቀው። ከላይ የነበረው ውሃ በጠርሙሱ ከንፈር ፈስሶ ሥሩን አራሰ።

ቀጥሎ ሁለት የቀን ሠራተኞች መጡ፣ ከሸሕዲ ከመጣ መኪና የወረዱ። እነሱም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ደላላ። ከዚያ ጨርቅ የተሸከመች ሴት፤ እሷስ ቢስሚላህ ብላ ነው ያፈሰሰችው። እስከ ቀትር ሠላሳ አንድ ኩባያ ቆጠርኩ። ሐጂ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ሆነው ከእኔ ጋር ያዩ ነበር፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ አልጨመርኩም። አገሩ ጨመረ።»

ያን ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ለሦስቱም ተናገርኩ። የሐጂ ዓሦች የኖሩት በዚር ውሃ ስለሆነ ይሁን ወይስ ቀኑን ሙሉ አሮጌው ውሃ እየወጣ አዲስ እየገባ ስለሆነ፣ አናውቅም አልኩ። ዘገባው ግን እናውቃለን ይላል።

መምህሩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ዓሦቹ ኖሩ ወይስ አልኖሩም?»

«ኖሩ።»

«ገንዳሽ ይቆያል ወይስ አይቆይም?»

«ከፈረምኩ ይቆያል።»

«ኧረ በይ እንግዲህ ፈርሚ! ምን ፈልገሽ ነው? ላንችው እኮ ነው!»

«ለምን እንደኖሩ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ተናደደ። መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ግን ተናደደ። «አንች እኮ ፊደል የቆጠርሽው ትናንት ነው! እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የጻፍኩትን…»

«ትናንት ስለቆጠርኩት ነው ያልረሳሁት» አልኩት።

ባለሙያው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም። መምህሩ ወረቀቱን አንስቶ ሄደ፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ከኒሙ ሥር አልተቀመጠም። ሰላምታ ግን አልነሳኝም፣ እኔም አልነሳሁትም።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ልፈርም ተቃርቤ ነበር። አንድ ፊርማ ነበር። ሦስት ዓመት ስፈራው የኖርኩት ነገር በአንድ ፊርማ ይዘጋ ነበር። ግን በሚቀጥለው ዓመት የማታው ተማሪ አንዱ የዚር ውሃ ይዞ መጥቶ፣ ዓሦቹ ሞተውበት፣ «ተጽፎ አይቼ ነው እኮ» ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ሰው ስለነገረኝ ብቻ የማምንበትን ዘመን ትቼ ነው የመጣሁት። ተመልሼ ነጋሪ ልሁን?

ግንቦት ሊያልቅ ገና ሁለት ሳምንት ነበር። ባለሙያው ሌላ ጀሪካን ዓሣ አመጣ። ሐጂ አራቱን ጠርሙሶች አጥበው መለሱ። ሁሉንም ንባብ ክፍል ወሰድኳቸው፤ ኒሙ ሥር የሚያልፈውን ሕዝብ ደግነት መከልከል አይቻልምና። ሁለቱ ጠርሙሶች የዚር ውሃ፣ ሁለቱ የጋሪ ውሃ ተሞሉ። ከየጥንዱ ለአንዱ ብቻ በየጧቱ አራት ኩባያ አሮጌ ውሃ እየቀዳሁ አራት ኩባያ አዲስ እተካለታለሁ። የተቀዳውን ውሃ የት/ቤቱ ዘበኛ ለቃሪያ ተክሉ ይወስደዋል። ሌላው ሁሉ እኩል ነው። የማታ ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ በቡድን ተከፈሉ፤ ለየጠርሙሱ ደጋፊ ተገኘ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተማሪ ውሃው የማይቀየርለት የዚር ጠርሙስ ወገን ሆና፣ «እነዚህ በሸክላ ያደጉ ናቸው፣ ይኖራሉ!» ብላ በየቀኑ ትሟገተኝ ነበር።

ውሃው ያልተቀየረለት የጋሪ ጠርሙስ ዓሦች በሰባተኛው ቀን መሞት ጀመሩ። ያልተቀየረለት የዚር ጠርሙስ ዓሦች በስምንተኛው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጠርሙሱን አይታ «አታለለኝ» አለች፣ ሸክላውን ማለቷ ነው። የተቀየረላቸው ሁለቱ፣ የጋሪውም የዚሩም፣ ዐሥሩም ዓሦች ኖሩ። ሸክላው አልነበረም። ጋሪውም አልነበረም። የሚገድላቸው የራሳቸው ቆሻሻ የተጠራቀመበት የቆመ ውሃ ነው፤ በሙቀት ደግሞ ቶሎ ይከፋል። ከዚያ የትልቁንም ገንዳ ውሃ በየጧቱ ትንሽ ትንሽ መተካት ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሲሸት፣ አንዴ ጠቅልዬ እደፋው ነበር። አዲሱን ውጤት በሁለት ገጽ ጻፍኩት። ሐጂና ባለሙያው ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ።

ርዕሰ መምህሩ ቆሞ አነበበው።

«እና የዚሩ ግኝት የለም?»

«የለም።»

«ምን ልናቀርብ ነው ለዞኑ? ውሃ ቀይሩ ብለን? ይኼን ሕፃን ያውቀዋል!»

«እኔ ሦስት ዓመት አላወቅኩትም። መምህሩም አላወቀም። እርስዎም መቃብር ነው ከማለት በቀር አላወቁም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «በቃ፣ ሰኞ ይውጣ። ትርኢቱም ቀረ፣ ገንዳውም ይቅር። በየቀኑ ውሃ የሚጨምር ነገር አልፈልግም።»

«ዘበኛው የሚወጣውን ለቃሪያው ይወስደዋል። አንድ ጠብታ አልተደፋም።»

«ትእዛዝ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሰባት የማታ ተማሪዎች ነበሩ፣ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረው አንዲት ቃል ሳያነቡ። ድምፄ እንደተለመደው ዝግ ያለ ነው፣ ከዚያ በላይ ማውጣት አላውቅበትም። ከመሳቢያዬ ነጭ ወረቀት አወጣሁ፣ እስክሪብቶ ከላይ አስቀመጥኩና ወደ እሱ ገፋሁት።

«ይጻፉልኝ» አልኩት።

«ምን ልጻፍ?»

«ትእዛዙን፣ ከነምክንያቱ። ሲሞቱ፣ ስለሞቱ ይውጡ አሉኝ። አሁን፣ ስለኖሩ ይውጡ ብለው ይጻፉልኝና ይፈርሙበት። ፋይል ውስጥ አደርገዋለሁ። ያለዚያ አላወጣም።»

«ለእኔ ነው እንዲህ የምትይኝ?»

«ለእርስዎ ነው ያልኩት።»

እስክሪብቶውን አነሳው። ክዳኑን ከፈተ። ወረቀቱን አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ሰባቱን አቀርቃሪዎች አየ። ከኋላ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ «ይጻፉላት እንጅ ጌታው፣ እኛም እናነበዋለን፤ አሁን ማንበብ ችለናል» አለች። ክዳኑን መልሶ ገጠመው፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ወጣ። የእኔ እስክሪብቶ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ገንዳውን አላወጣሁም። እሱም ሰው ልኮ አላስወጣም። ክረምቱን ሙሉ የትእዛዙን ደብዳቤ ጠበቅሁ፤ በየጧቱ አራት ኩባያ እያወጣሁ አራት ኩባያ እያስገባሁ። ሐጂ የባሕሩን ዓሣ አላመጡም፤ ለዚያ ገና ብዙ የማናውቀው ነገር አለና ገና ብዙ ሙከራ እናደርጋለን እንባባል ነበር። መምህሩ በመስከረም አንድ ቀን ከኒሙ ሥር መጥቶ ተቀመጠና፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ «ምግቡን ብንቀይርስ?» አለ። «አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «አውቃለሁ ባክሽ» አለ።

በሚቀጥለው ዓመት ርዕሰ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ሊሰናበተን ክፍሉን ሲዞር ገንዳው ፊት ቆመ። በመስታወቱ ጥግ፣ የምስማር ራስ የሚያህሉ ብዙ ጥቃቅን ዓሦች እናታቸውን ከበው ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህ ደግሞ አዲስ ናቸው?» አለ።

«እዚሁ የተወለዱ ናቸው» አልኩት።

«ማን ፈቀደላቸው?» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «ማንም» አልኩት።